አሥራ ሁለተኛው መስመር

በኮምቦልቻ የምርጫ ሳምንት የሚገባው ሐምሌ ሲጋመስ ነው። ያን ሳምንት ጎረቤት ጎረቤቱን ስለ ልጁ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ሰላምታው ራሱ ያጥራል፤ «እንዴት አደራችሁ፣ ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ተባብሎ መለያየት ነው። መናኸሪያው ላይ ያለው ትልቁ ሰሌዳ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ማሳየቱን ትቶ የትምህርት ዘርፎችን ተፈላጊነት ያሳያል፤ ቁጥሩም በየሩብ ሰዓቱ ይለዋወጣል። ጎመንና ቲማቲም የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ አንገታቸውን ቀና አድርገው ያነባሉ።

«ኤሌክትሪካል ዛሬም ወረደ?»

«ኧረ ተይኝ እቴ! ጠዋት ቀና ብሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ባዮቴክ በላው።»

ለአቅመ ፈተና የደረሰ ልጅ የሌላት ሴት እንኳ ታነባለች። ልምድ ሆኖባት ነው።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት ነው። ልጅ የትኛውን ዘርፍ እንደሚማር የሚወስነው ምደባው ነው። ምደባው ደግሞ ሰው አይደለም፤ ቢሮም የለውም። «ምደባው ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ድሮ ነበር ይባላል። አሁን ሰው ስለ ምደባው የሚያወራው ስለ ዝናብ እንደሚያወራው ነው፤ መጣ፣ ዘገየ፣ ዘንድሮ ከበደ። አንድ ነገር ግን ሁሉም ያውቃል። ምደባው አያዳላም፣ ቂም አይዝም፣ የተጻፈለትን ያነባል።

ረውዳ ይመር በዚያ ዓመት ከኮምቦልቻ ተፈታኞች ሁሉ አንደኛ ወጣች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ስትናደድ አፍንጫዋ የሚቀላ ልጅ ናት። እናቷ ጦይባ ገበያ ውስጥ በርበሬ ትሸጣለች። አባቷ ይመር እንድሪስ ቦርከና ዳር ያለው የከተማው ውሃ ፓምፕ ኦፕሬተር ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያን አሮጌ ሞተር እያባበለ ውሃ ወደ ከተማው ሲገፋ የኖረ ሰው። ሞተሩ ጠዋት አርባ ደቂቃ፣ ማታ አርባ ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያ ካለፈ ይግላል። ከተማው ኑሮውን በዚህች አርባ ደቂቃ ለክቶ ይዟል። ልብስ የሚታጠበው፣ ሕፃን ገላውን የሚታጠበው፣ ጀሪካን የሚሞላው ያኔ ነው። ሙሽራ እንኳ ከቤቷ የምትወጣበት ሰዓት የሚቀጠረው ይመርን ጠይቆ ነው።

ረውዳ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያጠናችው እዚያ ፓምፕ ቤት ውስጥ፣ አባቷ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። ስለዚህ ምን መማር እንደምትፈልግ አንድም ቀን አላመነታችም። የውሃ ምህንድስና። ተምራ ትመጣና ያን ሞተር ትቀይራለች፤ አባቷም ወገቡን ያሳርፋል። በቃ፣ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

የምርጫ ቅጹ የተሞላው ማክሰኞ ዕለት፣ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪ ተደርድሮ ተቀምጧል። ቅጹ አሥራ ሁለት መስመር አለው፤ አሥራ ሁለቱም ካልተሞሉ አይላክም። የፊዚክስ አስተማሪው መምህር አስናቀ ፊት ቆመው እጃቸውን አጨበጨቡ። ጡረታቸው የደረሰ፣ ኮታቸውን በክረምትም በበጋም የማያወልቁ ሰው ናቸው።

«እሺ፣ ስሙኝ! አንደኛው ላይ ልባችሁ የሚፈልገውን ጻፉ። ሁለተኛና ሦስተኛው ላይ ልባችሁ ባይፈልገውም የምትችሉትን። እስከ አሥራ አንደኛው ድረስ እንደየአቅማችሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይስ? ምን እንጽፋለን?»

«የመዝጋት ምህንድስና!» አለ አዳራሹ ባንድ ድምፅ፤ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ሳቁ የቆየ ነው። የመዝጋት ምህንድስና በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ስሙ ብቻ የቀረ ዘርፍ ነበር። ድሮ፣ ማዕድናቸው ያለቀ ጉድጓዶችንና ያረጁ ግድቦችን እንዴት በሥርዓት መዝጋት እንደሚቻል እንዲያስተምር ታስቦ ነበር አሉ። ኮሌጅ አልተሠራለትም፣ አስተማሪ አልተቀጠረለትም፤ ከዝርዝሩ የሚሰርዘው ሰውም አልተገኘም። ከዛሬ ሃያ አራት ዓመት በፊት የመምህር አስናቀ አንዲት ተማሪ አሥራ ሁለተኛው ላይ ለመሙላት ያህል አፈር ሳይንስ ብላ ጻፈችና እዚያው ተመደበች፤ ሦስት ወር ሙሉ አለቀሰች። መምህሩ አንጀታቸው በገነ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ሲያገላብጡ ሰነበቱና አንድ ብልሃት መጣላቸው። መስመሩ የግድ መሞላት ካለበት፣ ማንም ሊመደብበት በማይችል ዘርፍ ይሞላ። የሌለ ኮሌጅ ማንን ሊወስድ ይችላል?

ብልሃቱ ሠራ። ወሬው ወደ ደሴ ወጣ፤ ከደሴ ወደ ወልዲያ፣ ወደ ሸዋ፣ ወደ ጎጃም። አምስት ዓመት ሳይሞላ ከሞያሌ እስከ ሁመራ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ የሚጻፈው ያው አንድ ነገር ሆነ። ወግም ወጣለት። ልጁ ያን መስመር ሲጽፍ ጎኑ ያለው ጓደኛው ትከሻውን መታ አድርጎ «ተዘጋ!» ይለዋል፤ ክፉ ነገር አይንካህ እንደማለት።

ረውዳም ጻፈች። ጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ምንትዋብ ትከሻዋን መታ አደረገቻትና «ተዘጋ!» አለቻት። ከዚያ ወጥተው ብስኩት ገዝተው እየበሉ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ነሐሴ አሥራ አራት ቀን፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ የሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ተማሪዎች ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። ረውዳ ቤት ውስጥ ከታናሽ እህቷ ከሐያት ጋር ሽንኩርት እየላጠች ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነበበች።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ረውዳ ይመር። በጠየቁት መሠረት በመዝጋት ምህንድስና ተመድበዋል።»

መጀመሪያ ሳቋ መጣ። አንዱ ተንኮለኛ የላከው መሰላት። ወዲያው ምንትዋብ ደወለች።

«ረውዳ፣ አንቺም?»

«እኔም።»

«በማርያም በይ!»

«ወላሂ እኔም። ማን ቀረ?»

«ማንም። ሁላችንም ነን። የደሴ ዘመዶቼ ጋ ደውዬ ነበር፤ እነሱም ናቸው።»

ከሰዓት በኋላ ማብራሪያው ወጣ። መናኸሪያው ሰሌዳ ላይ ሰው እየተጋፋ አነበበው። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ጨዋም ነው። ሕዝቡ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳያቋርጥ፣ በአንድ ድምፅ የጠየቀው ዘርፍ ተከፍቷል፤ በአገሪቱ ታሪክ እንዲህ ባለ ስምምነት የተጠየቀ ነገር የለም፤ አርባ አንድ ሺህ መቀመጫ ተዘጋጅቷል፤ ብዙ የቆየ ጥያቄ ከአዲስ ጥያቄ ይቀድማል ይላል። መጨረሻው ላይ «ምደባው መልስ በመስጠት ስለዘገየ ይቅርታ ይጠይቃል» የሚል ነበረበት። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሽማግሌ፣ «ይቅርታ ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው» አሉና ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ።

ጦይባ ግን ነገሩ አልከፋትም። ከገበያ ተመልሳ በርበሬ የለበሰ እጇን እየታጠበች፣ «ለምን ታኮርፊያለሽ?» አለች። «ለተመራቂው ሁሉ ሥራ ተዘጋጅቷል ይላል እኮ! የሰፈራችን ልጆች ተመርቀው ስንት ዓመት ነው ቤት የተቀመጡት? ምህንድስና ምህንድስና ነው፤ አልሐምዱሊላህ በይ።»

«እማ፣ እኔ ውሃ ነው የምፈልገው።»

«ለውሃው አባትሽ ይበቃል።»

ይመር መነጽሩን አድርጎ ከማብራሪያው ጋር የተያያዘውን የሥራ ዕቅድ ያነብ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሞተር መመሪያ ያነበበ ሰው ነው፤ አባሪ አይዘልም።

«አርባ አንድ ሺህ ሰው ምን ሊዘጋ ነው?» አለ ለራሱ። «ይህን ያህል ጉድጓድ በአገራችን አለ እንዴ?»

የለም። ዕቅዱም የለም ይላል። ዝርዝሩ ላይ ስድሳ ሦስት የማዕድን ጉድጓድ አለ፤ አሥራ አንድ ግድብ አለ። ይህ ለአርባ አንድ ሺህ ተመራቂ ስለማይበቃ ይልና፣ ቀጥሎ «ከተሞች» የሚል ርዕስ ይመጣል። ከከተሞቹ ስም ትይዩ የሚዘጉበት ዓመትና ምክንያት ተጽፏል። ይመር ጣቱን እያስኬደ ወረደ። ኮምቦልቻ ላይ ሲደርስ ቆመ። ዓመት፦ ሁለት ሺህ ስድሳ ስምንት። ምክንያት፦ የሥራ ዕድል።

መነጽሩን አወለቀ።

«ሊዘጉን ነው» አለ።

«እነማን?» አለች ጦይባ።

ይመር ሳያስበው ዓይኑ ወደ ረውዳ ሄደ፤ ወዲያው መለሰው። ረውዳ ግን አይታዋለች። አፍንጫዋ ቀላ፤ ብድግ ብላ ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው መምህር አስናቀ ቤት ነው። መምህሩ ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮታቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ሳይለብሱት ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት ያስጻፉን!»

«እኔ ነኝ» አሉ።

«የኔን ትተው የከተማውን ያስቡ! ከተማው ሊዘጋ ነው። ዕቅዱን አይተውታል?»

«አይቻለሁ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሥሌቱ ላይ ስሕተት ፈልጌ አጣሁ።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «የሌለ ነገር ነበር እኮ ረውዳ። እኔ የሌለ ነገር ነው ያስጻፍኳችሁ። አንድ ልጅ እንዳያለቅስ ብዬ ነው።»

ረውዳ ልትሳደብ ፈልጋ አፏ እምቢ አላት። ሰውየው አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምረዋታል፤ አንድ ቀን አልቀሩባትም። ደህና ይዋሉ እንኳ ሳትላቸው በሩን ገጭ አድርጋ ወጣች። መንገድ ላይ ግን እንባዋ ቀደማት። በቃ፣ ጠላቻቸው።

ቅሬታ የሚቀርበው ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ በተደረደሩት ትንንሽ ክፍሎች ነው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ተራዋ ደርሶ ገባች። ክፍሉ ውስጥ ወንበርና ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፤ የሚያናግራት የምደባው ድምፅ ነው። የተረጋጋ፣ የማይቸኩል፣ የሴትም የወንድም ሊሆን የሚችል ድምፅ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ረውዳ ይመር። ምን ልርዳዎት?»

በሕይወቷ አንቱ ብሎ ያናገራት የለም፤ ደንገጥ አለች።

«ቅሬታ አለኝ። የውሃ ምህንድስና ነው የምፈልገው። አንደኛው ላይ ጽፌያለሁ።»

«አዎ፣ አንደኛው ላይ ጽፈዋል። አሥራ ሁለተኛው ላይም ጽፈዋል።»

«አሥራ ሁለተኛውን የጻፍኩት ለመሙላት ያህል ነው።»

«ይህን ከትናንት ጀምሮ ከዘጠኝ ሺህ ሰው ሰምቻለሁ» አለ ድምፁ። «ለመሙላት ያህል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሊያስረዱኝ ይችላሉ?»

ረውዳ ልታስረዳ ሞከረች። ሁሉም እንደዚያ እንደሚጽፍ፣ ቀልድ እንደሆነ፣ ትከሻ መምታቱን፣ ሳቁን። ስትናገር የራሷ ወሬ ለራሷ ጆሮ የሞኝ ወሬ ሆነባት።

«በአንደኛው መስመር ላይ ሰው ይለያያል» አለ ድምፁ። «በየዓመቱም ሐሳቡን ይለውጣል። በአሥራ ሁለተኛው ግን ሁሉም አንድ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ጊዜ አልተለወጠም። የትኛውን ልመን?»

ረውዳ ወደ ግድግዳው ቀረብ አለች።

«ካልፈለግኩስ?»

«መተው ይችላሉ። ቦታዎ ለሚቀጥለው ተማሪ ይሰጣል። የሚቀጥለው ተማሪ የጂንካ ልጅ ነው። ኮምቦልቻን አይቷት አያውቅም።»

«እኔ ብተወው ኮምቦልቻ አትዘጋም?»

«የሥራ ዕቅዱ አይቀየርም። የሚቀየረው ሠራተኛው ነው።»

ረውዳ ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። የጂንካው ልጅ ምን ያደርጋል? መጽሐፉን ገልጦ እዚያ የተጻፈውን ያደርጋል። መጽሐፉ ደግሞ ምን እንደሚል ለማወቅ መማር አያስፈልጋትም፤ መጀመሪያ ውሃ ነው የሚለው። ፓምፕ ቤቱ ሄዶ አባቷን «ይነሱ» ይለዋል። እሷ ውስጥ ከገባች ግን ቢያንስ የት እንደሚነካና የት እንደማይነካ ታውቃለች። አንድ ነገር ታተርፋለች። አንድ ሰው ታተርፋለች።

«እሺ፣ እቀበላለሁ» አለች።

«ጥሩ ነው። እንግዲያው የመግቢያ ጥያቄ አለዎት። ከየከተማው አንደኛ ለወጣ ተማሪ ብቻ የሚቀርብ ነው። ሰው ሳይገደድ፣ በገዛ ፈቃዱ ከተማውን ለቆ እንዲሄድ፣ መጀመሪያ መዘጋት ያለበት ምንድን ነው?»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የምታውቀውን ጥያቄ አሳስታ አታውቅም፤ ስታውቅ ዝም ማለት ራሱ ያማታል። ውሃ። ሦስት ፊደል አይሞላም። አባቷ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ታያት። ጥርሷን ነከሰች። አውቃ ትሳሳታለች፤ ዜሮ ታግኝ።

ምን ትበል ታዲያ? ጤና ጣቢያውን? አይሆንም፤ ምጥ የያዛት ሴት የት ትሄዳለች። ገበያውን? እናቷ አለች። ወፍጮ ቤቱን? ሰው ምን ይበላል። ምንም የማይጎዳ ነገር መሆን አለበት። ቢዘጋም ማንም ጓዙን የማያነሳበት፣ ሰው ትከሻውን ነቅንቆ የሚያልፈው። አሁን ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤቱ እንደሁ ተዘግቶ ነው ያለው። ጣሪያው ያፈሳል፤ ግማሹ ወንበር የተሰበረ ነው። ትምህርት እንደሆነ ዛፍ ሥርም ይሰጣል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ መምህር አስናቀም ትዝ ብለዋታል፤ ይበላቸው ብላለች በልቧ።

«ትምህርት ቤቱ» አለች።

«ሁለተኛ ደረጃው ብቻ ነው ወይስ ሁሉም?»

ውሸት ከሆነ አይቀር ይሙላ ብላ፣ «ሁሉም» አለች።

«አመሰግናለሁ። መልስዎ በተግባር ይታረማል።»

«በተግባር ማለት?»

ድምፁ ግን ቀጣዩን ተማሪ እየጠራ ነበር።

እንዲህ ሆነና ረውዳ ወደ ቤቷ የሄደችው ደስ እያላት ነው። ምደባውን ሸወደችው! እድሜ ልኳን ትክክል ስትመልስ የኖረች ልጅ ባንድ የተሳሳተ መልስ አባቷን አዳነች። ፓምፕ ቤት ገብታ አባቷን ከኋላው አቀፈችው፤ እሱም «ምነው ዛሬ?» አላት፤ «ምንም» አለችው።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ማስታወቂያው ወጣ። «ከመስከረም ጀምሮ በኮምቦልቻ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም አይኖርም። ከዚህ ከተማ የምርጫ ቅጽ አይላክም።» ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ።

ኮምቦልቻ እኮ በቀላሉ የምትነቀል ከተማ አይደለችም። ሁለት ሺህ አምሳ ስምንት ላይ ድርቁ ሲመጣ ሰባት ወር ሙሉ ውሃ በዘጠኝ ቀን አንዴ ነበር የምትመጣው፤ ሰው የቦርከናን አሸዋ በእጁ እየቆፈረ ጠጣ እንጂ አንድ ቤት አልተዘጋም። ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ሲቆሙም ሰው ሻይ ሸጠ፣ ልብስ ጠገነ፣ ተበድሮ በላና እዚያው ተቀመጠ። ያን ጊዜ ከተማውን ለቆ የሄደ ሰው በስም ይቆጠራል።

ማስታወቂያው በወጣ በሁለተኛው ቀን ልብስ ሰፊው ቤት ደጃፍ ላይ አይሱዙ ቆመ። በሦስተኛው ቀን አራት ሆኑ። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተሰለፈም፣ ፖሊስም አልመጣም። ሰው ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ምጣዱን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ ጎረቤቱን ተሰናብቶ ይሄዳል። «ምነው?» ሲባል መልሱ ያው አንድ ነው። «ልጅ አለኝ።» ልጅ ያለው ሄደ። ልጅ ያለው ሲሄድ ለእሱ የሚሸጠው ሄደ፤ የልጅ ልጆቻቸውን ተከትለው ሽማግሌዎቹ ሄዱ። እነ ምንትዋብ በስምንተኛው ቀን ሄዱ፤ ሰባተኛ ክፍል የሚገባ ወንድም አላት። በአሥረኛው ቀን መኪና ጠፋ፤ ሰው ወደ ደሴ እየደወለ መኪና ይለምን ጀመር።

መምህር አስናቀ ኮታቸውን ለብሰው ቤት ለቤት ዞሩ። «እኔ አለሁ» አሉ። «ዛፍ ሥርም ቢሆን አስተምራለሁ። በነፃ! ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ! ሌሎቹንም መምህራን አስማምቻለሁ።» ሰው አከበራቸው፤ ወንበር አቀረበላቸው። ከዚያ በትሕትና፣ «ቲቸር፣ እርስዎ ያስተምሩልን ይሆናል» ይላቸዋል። «ቅጹን ግን ማን ይልክልናል?» ይህን ሰባት ቤት ከሰሙ በኋላ ስምንተኛው ቤት ሳይገቡ ተመለሱ። ረውዳ በመስኮት አይታቸዋለች። ልትጠራቸው ፈለገች፤ እፍረት ያዛት።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ጦይባ ለመንገድ ስትሰናዳ ረውዳ ወደ ፓምፕ ቤት ወረደች። ሞተሩ እየሠራ ነው። ላይ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ ሞልቶ ውሃው በጎኑ ይወርዳል፤ የሚቀዳው ሰው የለም። ይመር ውሃው በከንቱ ሲፈስ ቆሞ ያያል። በሠላሳ አንድ ዓመት ይህን አይቶ አያውቅም።

«አባ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

ነገረችው። ጥያቄውን፣ የመለሰችውን፣ ለምን እንደመለሰች። ስትጨርስ ይመር ሞተሩን አጠፋ። አርባ ደቂቃው ገና አልሞላም ነበር።

«ትክክለኛው መልስ ምን ነበር?» አላት።

«ውሃ።»

ይመር ቁጭ አለ። ሳቅም ያልሆነ ለቅሶም ያልሆነ ነገር ከደረቱ ወጣ።

«ውሃ ብትይ ኖሮ እኮ ማንም አይሄድም ነበር» አለ። «ባልዲያችንን ይዘን ቦርከና እንወርድ ነበር። ሰው ይጠማል እንጂ ይሄዳል? እኔን እቤት ያስቀምጡኝ ነበር፤ በቃ። እዚያው ተቀምጠን ስንሟገታቸው እንኖር ነበር።»

«አንተን ላድን ብዬ ነው አባ!»

«አውቃለሁ።»

«አንተን ብዬ ነው!» ረውዳ ተንሰቀሰቀች። መሬት ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ይመር ግራሶ የነካው እጁን ጨርቅ ላይ ጠርጎ ራሷን ደባበሳት።

«እናትሽ እንዳትሰማ» አለ በመጨረሻ። «ለማንም አትናገሪ። አሁን ሂጂ፤ ሐያት ሳትመዘገብ ሰኞ እንዳያልፍ።»

«አንተስ?»

«ፓምፑን የሚረከብ ሰው ሳይመጣ ኦፕሬተር ጥሎ አይሄድም። ዕቅዱ ላይ ተጽፏል፤ በስድሳ ስምንት ተመራቂ ይመጣል ይላል።» ቀና ብሎ አያት። «ስትመጪ ቁልፉን ላንቺ ነው የማስረክበው። ሌላ ሰው ከላኩ አልሰጥም።»

ረውዳ እጁን ሳመችና ወጣች።

መኪናው አዳማ ድረስ የሚሄድ አይሱዙ ነው፤ ሦስት ቤተሰብ ተጋርቶታል። የረውዳ አዲሱ ኮሌጅ ከአዳማ አልፎ ስለሆነ እሷም አብራ ናት። ወደ መውጫው ያለው መንገድ በመኪና ተይዟል፤ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፎ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ሐያት የአምስተኛ ክፍል መጽሐፎቿን ታቅፋ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ጦይባ የበርበሬ ጆንያዋን ተደግፋ ወደ ኋላ ዓይኗን አላዞረችም። ከቤቷ ስትወጣ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገብቷት ነበር፤ ጎረቤት የሚባል አልቀረም። በመጨረሻ እበሩ ላይ ተወችው።

ነዳጅ ማደያው አጠገብ ሲደርሱ የረውዳ ስልክ ጮኸ። ከፈተችው። «መልስዎ ታርሟል» ይላል። ከሥሩ ቁጥር አለ። ረውዳ ቁጥሩን አየችና ስልኩን ደረቷ ላይ ገለበጠችው።

«ምንድን ነው የመጣልሽ?» አለች ጦይባ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው።

«ምንም እማ። ውጤት ነው። የመግቢያ ፈተና።»

ጦይባ ጆንያውን ለቃ ቀና አለች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ።

«ስንት አመጣሽ?»

ረውዳ መዋሸት ትችል ነበር። አፏ ግን የለመደውን አደረገ።

«መቶ።»

«ከስንት?»

«ከመቶ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!» አለች ጦይባ። የረውዳን ጭንቅላት በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ዓይኗን ሳመችው። ከዚያ በተጫነው መኪና ላይ ብድግ ብላ ቆመችና እልልታዋን ለቀቀችው። ሐያት አጨበጨበች። ከኋላ ባለው አይሱዙ ላይ ያሉት ሴቶች ለማን እንደሆነ ሳይጠይቁ እልል ብለው ተቀበሏት፤ ከእነሱም ኋላ ያሉት ተቀበሉ። እልልታው ከመኪና ወደ መኪና እየተላለፈ በተሰለፉት ሁሉ ላይ ወረደ። ሹፌሩም ደስ ብሎት ጥሩምባውን ነፋ።